ምዕራፍ ሰባት፤ ከመሣሪያው በፊት አንባቢው

አዲስ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ሊገዛ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው፤ ኪንድል ይሻላል ወይስ ኮቦ፥ ስክሪኑ ስድስት ኢንች ይሁን ወይስ አሥር፥ ጥቁርና ነጭ ይብቃ ወይስ ባለ ቀለም ይምጣ እያለ የሻጩንና የጓደኛውን አፍ ሲጠብቅ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ፍሬ ነገር፥ ይኸውም እርሱ ራሱ ባለፈው ዓመት ምን እንዳነበበ፥ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ፊደል እንዳነበበ፥ ያነበበውስ ጽሑፍ በምን ዐይነት ፋይል ሆኖ ከእጁ እንደ ገባ፥ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህ የቅደም ተከተል መፋለስ በሌላ አገር ቀላል ጉዳት ነው፤ ዕቃው ያልተስማማው ሰው በተወሰነው ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላልና። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ፥ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ በሚወርደው አገር፥ በዲጋ ለሚኖር መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ግን መሣሪያው የሚመጣለት ወይ ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በመሆኑ፥ አንድ ጊዜ ከእጁ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ጠንቅቆ ማሰብ ያለበት ከመግዛቱ በፊት ነው።

ይሁን እንጂ ስለ አንባቢው ለመናገር የዕቃውን ባሕርይ በአጭሩ ማወቅ ግድ ይሆናል። ስልክና ታብሌት ፊደልን የሚያሳዩን ብርሃንን ወደ ዓይናችን በመርጨት ሲሆን፥ የኤሌክትሮኒክ ቀለም የተባለው ጥበብ ግን እንደ ወረቀት ከውጭ የመጣለትን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በወጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የተመሠረተው ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ፥ ውፍረታቸው የሰው ጠጉር ያህል የሆነ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንክብሎችን በስክሪኑ ላይ አንጥፎ፥ በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ በጠራ ፈሳሽ የሚንሳፈፉ ነጭና ጥቁር ብናኞችን አኖረ፤ ነጮቹ አዎንታዊ፥ ጥቁሮቹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው፥ ከሥር የሚላከው ኃይል በተለዋወጠ ቁጥር አንዱ ወገን ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይሰጥማል፤ ወጥተው ከተቀመጡም በኋላ ኃይሉ ቢቋረጥ ከቦታቸው አይነቃነቁም። እንግዲህ መሣሪያው የፊቱ መብራት ካልበራ በቀር ኤሌክትሪክ የሚፈጀው በአብዛኛው ገጽ ሲገለበጥ ብቻ ስለሆነ፥ አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ለሳምንታት ያገለግላል፤ በቀትር ፀሐይ ቡና ከተሰጣበት አደባባይ ላይ ተቀምጦ ለሚያነብም፥ የስልኩ ስክሪን በሚጠፋበት ብርሃን የዚህኛው ጽሑፍ ጎልቶ ይታያል። ይህን ጥበብ ለመጀመሪያ ጊዜ በማንበቢያ መልክ ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ሲሆን፥ ይኸውም በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር፤ አማዞን በኅዳር 2007 ኪንድልን በ399 ዶላር ሲያወጣ ግን ያዘጋጀው ዕቃ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሸጦ አለቀ።

የዚህ ጥበብ በጎነት ብዙ ጊዜ የተነገረ ሲሆን፥ ጉድለቱ ግን በሻጭ አንደበት ሲነገር አይሰማም። ገጹ ሲገለበጥ ስክሪኑ ለቅጽበት ጠቁሮ ነጥቶ አዲሱን ጽሑፍ ያወጣል፤ ይህ ብልጭታ እንዲቀነስ ሲደረግ ደግሞ ያለፈው ገጽ ፊደላት እንደ ጥላ ደብዝዘው ከአዲሱ መስመሮች መካከል ይቀራሉ። ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቀጥታ ለሚያነብ ሰው ይህ ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ከቶ አይታወቀውም። ነገር ግን ንባቡ ወደፊትና ወደ ኋላ መመላለስ የሆነበት ሰው፥ ከሠንጠረዥ ወደ ማብራሪያው፥ ከማብራሪያው ወደ ማውጫው፥ ከማውጫው ወደ ሌላ ምዕራፍ የሚዘልል ተማሪ ወይም መርማሪ፥ በእያንዳንዱ ዝላይ የመሣሪያውን ዝግታ ዋጋ ይከፍላል።

ለዚህ ከገዛ አገራችን የንባብ ሥርዓት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሠለጠነበት ቤት መጽሐፍ የሚነበበው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ንባብ፥ ሁለተኛው ትርጓሜ። ዳዊት የሚደግም ሰው በየዕለቱ የተመደበለትን መዝሙር በተራ ይዘልቃል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ለእንዲህ ያለው ንባብ ትንሹና ርካሹ ማንበቢያ በቂ ነው፤ ቀድሞም ቢሆን ዳዊት ከማኅደሩ ገብቶ ከትከሻ የሚወርድ፥ ከሰው ጋር የሚጓዝ መጽሐፍ ነበር። አንድምታ የሚመለከት ሰው ግን የግእዙን ኃይለ ቃል ይዞ ወደ አማርኛው ትርጓሜ፥ ከትርጓሜው ወደ ሌላው «አንድም» እየተሻገረ፥ ዓይኑን በአንድ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ቦታ ላይ ማሳረፍ ይፈልጋል፤ ለእርሱ ስድስት ኢንች ስክሪን እስር ቤት ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን አንባቢ የታተመውን መጽሐፍ እንዳይለቅ እመክረዋለሁ፤ ግድ ከሆነበትም ሰፊ ታብሌት ይግዛ።

በዚሁ በጸሎት መጽሐፍ ላይ የቀለም ጥያቄም ይነሣል። በብራናውም ሆነ እርሱን ተከትለው በታተሙት የጸሎት መጻሕፍት የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም፥ የክፍሉም መክፈቻ በቀይ ቀለም ሲጻፍ፥ ይኸው ገጽ ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ ሲወጣ ቀዩ ወደ ግራጫ ተለውጦ ከጥቁሩ ይልቅ ደብዛዛ ይሆናል፤ ጎልቶ ሊታይ የተጻፈው ስም ከሁሉ ያነሰ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ባለ ቀለም ማንበቢያዎች ይህን ያርማሉ፤ ነገር ግን ካሊዶ በተባለው በዛሬው ጥበባቸው ጥቁሩን ጽሑፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲያሳዩ ቀለሙን የሚያሳዩት በ150 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከእንክብሎቹ በላይ የተነጠፈው የቀለም ማጣሪያም ብርሃን ስለሚውጥ የገጹ ነጭነት ይቀንሳል። ለጸሎት መጽሐፍ ይህ መሥዋዕትነት ሊያዋጣ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ታይቶ በማንጎ ቅጠልና ፍሬ ላይ ብዙ ጥፋት ያደረሰውን ነጭ ተባይ በፎቶግራፍ ለመለየት ለሚሻ የግብርና ባለሙያ ግን አያዋጣም፤ የቅጠሉ መገርጣትና የፍሬው ቡግር በዚያ ስክሪን ላይ በሚገባ አይለይምና፥ ለእርሱ ታብሌት፥ ካልሆነም የያዘው ስልክ ይበልጥበታል።

ከሁሉ ይልቅ ሐተታ የሚያስፈልገው ግን የፊደል ጉዳይ ነው፤ በወለጋ ደግሞ ይህ ጉዳይ ታሪክ አለው። ከባርነት ነጻ ወጥቶ በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን የተማረው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ወደ ኦሮምኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ሲታተም የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር፤ ኦነሲሞስም በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1931 ድረስ በዚያው አስተምሯል። በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ የላቲኑ ቁቤ ተመረጠ። ከዚህም የተነሣ ዛሬ በዲጋ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ መደርደሪያ ላይ ያሉት የሁለቱ ቋንቋዎች መጻሕፍት ከመሣሪያው ፊት ሲቀርቡ ዕድላቸው አንድ አይደለም። በቁቤ የተጻፈው የኦሮምኛ መጽሐፍ እንደ እንግሊዝኛው በማናቸውም ማንበቢያ ያለ ምንም ዝግጅት ይነበባል፤ የአማርኛውና የግእዙ መጽሐፍ፥ እንዲሁም የኦነሲሞስ ዘመን የኦሮምኛ ጽሑፍ፥ የግእዝ ፎንት ከመሣሪያው ውስጥ ከሌለ በፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ተደርድሮበት ይታያል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ የታወቀ ቍጥር ስለ ተሰጠው፥ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን በነጻ የሚገኙ ፎንቶች በኮቦም ሆነ በቅርብ ዘመን ኪንድል ላይ በኬብል አገናኝቶ «ፎንትስ» በተባለው አቃፊ ውስጥ መጨመር ይበቃል። ችግሩ የሚጸናው በዕድሜ የገፉ ፋይሎች ላይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ በውስጡ የላቲን ምልክት ሆኖ በላዩ ላይ ብቻ የግእዝ መልክ የለበሰ በመሆኑ፥ አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ፋይል ፊደሉን ለማስፋት ብሎ ኢፐብ ወደተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ሲለውጠው፥ ያ ያማረ አማርኛ ድንገት ተገፎ የላቲን ፊደላት፥ የጥያቄ ምልክትና የገንዘብ ምልክት የተቀላቀሉበት ትርጉም አልባ ቅራቅንቦ ይሆንበታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መሣሪያውን ይረግማል፤ መሣሪያው ግን የተሰጠውን በታማኝነት ነው ያነበበው።

ፎንቱ ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን የአማርኛ ጠባይ በትንሽ ስክሪን ላይ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። ቃላችን ከፊትም ከኋላም ቅጥያ እየደረበ ስለሚረዝም፥ «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚለውን የመሰለ ቃል ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሳይቆረጥ ሙሉውን ወደ ታች ይወርዳል፤ ጽሑፉም በሁለቱም ወገን እኩል እንዲሰለፍ የታዘዘ እንደ ሆነ፥ ከላይ የቀሩት ሦስት ወይም አራት ቃላት ተራርቀው በመካከላቸው ሰፊ ነጭ ክፍተት ይተዋሉ። የቀድሞ ጸሐፍት ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ስለሚለዩ፥ መስመሩ ባለቀበት ቦታ ቃሉን ከመካከሉ ከፍለው ቀሪውን ወደ ታች ለማውረድ አይቸገሩም ነበር፤ እኛ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ስለ ለወጥነው ያን ነጻነት አጥተናል። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ሰው የጽሑፉን አሰላለፍ ወደ ግራ ብቻ አድርጎ፥ ከተቻለውም ከስድስት ኢንች ይልቅ ሰባት ኢንቹን ቢመርጥ ዓይኑ ያርፋል። መሣሪያው ቃል ሲነኩት ፍች ያወጣል የሚለውም ውዳሴ ለአማርኛ ብዙ አይሠራም፤ «ካልነገርናቸው» የሚለውን ቃል ነክቶ «ነገረ» ወደሚለው ሥር የሚያደርሰው መዝገበ ቃላት ከመሣሪያው ጋር አይመጣምና። እንግሊዝኛ ለሚያነብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ይህ አንድ ነገር ብቻውን መሣሪያውን ሊያስገዛው የሚገባ ትልቅ ጥቅም ነው።

አሁን ሕዝቡ «ሶፍት ኮፒ» ወደሚለው፥ በቴሌግራምና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ወደሚዘዋወረው ፒዲኤፍ እንምጣ። ከዚህ አብዛኛው የታተመ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተነሥቶ የተሠራ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ስለዚህም ፊደሉን ብቻ ለይቶ ማስፋት አይቻልም፤ የሚሰፋው ገጹ በሙሉ ነው። ሒሳቡን እንመልከት። ኤ4 የተባለው ወረቀት ስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፥ የስድስት ኢንች ስክሪን ስፋት 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እንግዲህ በ12 ነጥብ የተጻፈው የመማሪያ ጽሑፍ በዚያ ስክሪን ላይ ሲያርፍ ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል፤ በዚህ መጠን ደግሞ «ቡ»ን ከ«ቢ»፥ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ያ ትንሽ መስመር ከቦታው ይጠፋል። ነጩን ጠርዝ ቆርጦ መሣሪያውን አግድም ቢይዙት 9 ነጥብ ያህል ይደርሳል፤ ይነበባልም፤ ነገር ግን ገጹን በሁለትና በሦስት ክፍል እየገመሱ መውረድ የግድ ነው። ስክሪኑ 10.3 ኢንች የሆነው መሣሪያ ግን ስፋቱ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፥ ጠርዙ የተቆረጠለት የኤ4 ገጽ በውስጡ በተፈጥሮ መጠኑ ያርፋል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ የተሰጠው ሞጁልና ያወረደው የምርምር ጽሑፍ ሁሉ በኤ4 መጠን በፒዲኤፍ እስከ ሆነ ድረስ፥ ርካሽ ነው ብሎ ስድስት ኢንቹን ቢገዛ ገንዘቡን እንደ ጣለ ይቁጠረው፤ ትልቁን መግዛት ካልቻለ፥ ያገለገለ ታብሌት ይሻለዋል። በአንጻሩ ማታ ማታ ልብ ወለድ የሚያነብ መምህር፥ በ1958 ዓ.ም. እንደ ታተመው እንደ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለውን ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አልጋ ላይ ተኝቶ በአንድ እጁ መያዝ የከበደው ሰው፥ መጽሐፉን በኢፐብ ካገኘው ከትንሹ የተሻለ አያገኝም።

«ካገኘው» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መልክ በሕጋዊ መንገድ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አማርኛ መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ የሚሸጡትም ብዙዎቹ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ተቆልፈው የሚነበቡ በመሆናቸው ከኪንድልም ከኮቦም ውስጥ አይገቡም። የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚቀበሉት ቡክስን የመሰሉት ማንበቢያዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ዋጋቸው ከፍ ይላል፥ ባትሪያቸውም የሌሎቹን ያህል አይቆይም። በሌላ በኩል በቴሌግራም የሚሰራጨው ፒዲኤፍ አብዛኛው ደራሲው ያልፈቀደው ቅጂ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ሳለ፥ ደራሲው ዓመታት የደከመበትን ሥራ በነጻ እያዘዋወርን የአማርኛ ኢፐብ ለምን አልበዛም ብለን መጠየቃችን ነውር ነው።

ከንባብ ልማድ ቀጥሎ የሚመጣው የኑሮ ሁኔታ ነው፤ በዚህ ረገድ እኔ ለወለጋ አንባቢ ከኪንድል ይልቅ ኮቦን ወይም ፖኬትቡክ የተባለውን ማንበቢያ እመርጥለታለሁ። ምክንያቱ የኔትወርክ ነገር ነው። ኪንድል ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢፐብን የሚቀበለው በኢንተርኔት በኩል ሲላክለት ነው፤ በኬብል የሚጫንለት ከሆነ ግን አስቀድሞ ካሊበርን በመሰለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደ ሌላ ዐይነት ፋይል መለወጥ አለበት። ከዚህም በላይ አማዞን የተገዙ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒዩተር አውርዶ በኬብል የመጫኑን መንገድ በየካቲት 2025 ዘግቶታል። ኮቦና ፖኬትቡክ ግን ኢፐቡን ከፍላሽ እንደሚገለበጥ ፋይል በኬብል እንዳለ ይቀበላሉ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማለቂያ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ወለጋ፥ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረ መሆኑን፥ ዲጋ ያለችበት ምሥራቅ ወለጋም ከችግሩ ፈጽሞ እንዳላመለጠ ለሚያስታውስ ሰው፥ መጻሕፍቱ ሁሉ ከሩቅ አገር ካለ መጋዘን በሚመጣ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠሉበት መሣሪያ ምን ያህል እንደማያስተማምን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ግን ሁሉም ያው ናቸው፤ ለስልክ የሚሆነው ትንሽ ሶላር ለማናቸውም ይበቃል። የፊት መብራት ያለው መሆኑን ብቻ ያረጋግጥ፤ ያገለገሉት አሮጌዎቹ ብዙዎች ይህ የላቸውም፥ ያለ መብራት ደግሞ በጨለማ አይነበቡም። ክረምቱ ለሚረዝምበት አገር ውኃ የማያስገባው ዐይነት ቢገኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አስፈላጊ አይመስለኝም።

መሣሪያውን የሚያመጣው ዘመድ ከሆነ፥ «አንድ ኪንድል አምጣልኝ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ የስክሪኑን ስፋት፥ የፊት መብራቱን፥ ኢፐብ በኬብል መቀበሉን ለይቶ መጻፍ፥ መሣሪያውም በሚገዛበት አገር ኔትወርክ ሳለ ተከፍቶ እንዲመዘገብ መለመን ይገባል። ከሱቅ የሚገዛ ደግሞ ራሱ ዘወትር ከሚያነባቸው ፋይሎች ሦስቱን፥ ይኸውም አንድ አማርኛ ኢፐብ፥ አንድ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍና አንድ ሠንጠረዥ ያለበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በፍላሽ ይዞ ሄዶ፥ ገንዘቡን ሳይከፍል በሱቁ ኮምፒዩተር አስጭኖ ይመልከት፤ «ኳ»ና «ቧ» በትክክል መውጣታቸውን፥ አራት ነጥቡም ከመስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን አለመውደቁን ይይ። ያገለገለ ኪንድል ከሆነ ከቀድሞው ባለቤት ምዝገባ መውጣቱን ሳያረጋግጥ አይቀበል። ለማቀፊያው ደግሞ በዋጋ አይሰስት፤ ከስክሪኑ ሥር ያለው መስታወት እጅግ ስስ ነው፥ በአውቶቡስ ወንበር ኪስ ውስጥ ያለ ማቀፊያ ተጨፍልቆ ከተሰነጠቀም የስክሪኑ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ስለሚቀራረብ ማስጠገኑ አያዋጣም።